መልስ፦ ጥናት መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው?
"ጥናት ለገበሬው ምን ፈየደ?" ላልከው፣ የእግር ዝሆኔን ተመልከት። ትንኝ የሚያመጣውን ማለቴ አይደለም፤ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሥራት የሚመጣውን ነው። ብዙ ሰው እርግማን ወይም ተላላፊ ይመስለዋል። ታማሚው ከጋብቻም ከማኅበርም ይገለላል፤ ይሄ ነው አንጀቴን የሚበላኝ።

ተመራማሪዎች መንስኤው አፈሩ መሆኑን፣ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም እንዳለ አሳዩ። በ2013 እ.ኤ.አ. በሽታው ትኩረት በሚሹ የሐሩር ክልል በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ ገባ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የምሥራቅ ጎጃም ጥናት ደግሞ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ድንገት የሚያገረሸውን ሕመም እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

ስለዚህ ዕውቀቱ አለ። እኔ ብጠየቅ በጀቱ መጀመሪያ ለተማሪዎች ጫማ ይዋል እላለሁ፤ በሽታው ከመጀመሩ በፊት የሚገታው እዚያ ነው።