ጭምብል ይሸፍናል ወይስ ይገልጣል?

ጥያቄ፦ ሥዕል እማራለሁ። የራሴን ፊት ልሳል ስል እጄ ይታሰራል፤ በቀን ሕልሜ ግን ራሴን በብዙ መልክ አያለሁ። ይህ ከራስ መሸሽ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ወደ ራስዎ እየቀረቡ ነው። እኔም በመስታወት ፊት ስቀመጥ የምስለው፣ ሰው እንዲያይልኝ የምፈልገውን ፊት ብቻ ነበር። ከጋዜጣ ቁራጭና ከሙጫ ጭምብል ሠርቼ ያጠለቅሁ ዕለት ግን ትከሻዬ ወረደ፣ አንገቴ አዘነበለ፤ የደበቅሁትን ሐዘን ያየሁት ያኔ ነው። ቤተሰቦቹ ጭምብል የሚሸጡበት ሱቅ የነበራቸው ቤልጂየማዊው ሠዓሊ ጄምስ ኤንሶር፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ፊቱን በጭምብሎች መካከል ሣለው። ሕልምዎን ሳይጠፋብዎ በሦስት መስመር ይጻፉት። በዚያ ውስጥ ፊትዎ ምን ይመስል ነበር? ከዚያ ይጀምሩ፤ አፍንጫው ባይመሳሰል ግድ የለም።