ትከሻችሁን ይዛችሁ ኑ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ተወዛዋዥ ቤቴ መጥታ «እትዬ፣ ትወና መጀመር እፈልጋለሁ፤ ግን ተወዛዋዥ መሆኔን ለአዘጋጁ ባይነግሩብኝ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ከልቤ አልወጣ አለች። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለምታስቡ ልጆቼ ነው።

እኔም ከውዝዋዜ ነው የመጣሁት። በ1970ዎቹ በቀበሌ ኪነት ጀመርኩ፣ ከዚያ ቴአትር ቤት ተቀጠርኩ። ጉራጌው ሲያልቅ ወላይታው፣ ወላይታው ሲያልቅ ጎጃሙ፤ ከመጋረጃ ጀርባ በጨለማ መቀነቴን እየታጠቅሁ፣ ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ ሌላ አገር ሌላ ሴት ሆኜ እወጣ ነበር። ይህ ራሱ ትወና መሆኑን ያኔ ማንም አልነገረኝም።

በመጀመሪያ ቴአትሬ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተሰጠኝ። አዘጋጁ «እጅሽን አታወናጭፊ፣ ይሄ ጭፈራ አይደለም» ብሎ በሰው ፊት ተቆጣኝ። እጄ መብዛቱ እውነት ነበር። እኔ ግን እጄን ብቻ ሳይሆን መላ አካላቴን አሰርኩት፤ ለወራት እንደ እንጨት ደርቄ ተጫወትኩ። ያዳነችኝ አንዲት አንጋፋ ተዋናይት ናት። «እስክስታ ስትወርጂ ከበሮውን ትሰሚያለሽ አይደል? አብሮሽ የሚጫወተውንም እንደዚያ ስሚው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ገባኝ። ጀማሪ ተዋናይ ብዙ ጊዜ የራሱ ተራ እስኪደርስ ነው የሚጠብቀው፣ የጓደኛውን ቃለ ተውኔት አይሰማም። ተወዛዋዥ ግን ከበሮውን ከቀደመች ወዲያው ያስታውቅባታል፣ ስለዚህ መስማት ለምዳለች። ያቺ ወጣት ይደብቁልኝ ያለችኝ ይህን ነው!

ቴሌቪዥን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። መድረክ ላይ የኋላው ወንበር እንዲሰማኝ የለመድኩትን ድምፅና ፊት ይዤ ካሜራ ፊት ቆምኩ፤ ሳየው ደነገጥኩ፣ በጣም በዝቶ ነበር። ቀስ እያልኩ ቀነስኩት። የከበደኝ ግን ቀረጻው የታሪኩን ቅደም ተከተል አለመከተሉ ነው። ጠዋት ለሞተ ልጅሽ ታለቅሻለሽ፣ ከሰዓት ያው ልጅ ገና ትምህርት ቤት ሲሄድ ትሸኚዋለሽ። እኔን የረዳኝ የሰውነቴ ትዝታ ነው፤ በየትኛው ትዕይንት ትከሻዬ ከብዶ እንደነበር፣ ትንፋሼ የት ላይ እንደተቋረጠ እንደ ውዝዋዜ አጠናው ነበር።

አስናቀች ወርቁን አስቡ። በአገራችን የሴትን ሚና ወንዶች ይጫወቱበት ከነበረው ዘመን ብዙም ሳይርቅ መድረክ ላይ ወጥታ ተወነች፣ ክራር መታች፣ ዘፈነች። አንዱን ለመያዝ ሌላውን አልጣለችም።

ስለ ገንዘብም ልንገራችሁ። አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ በቃል ብቻ ተስማምቼ ግማሹ ክፍያዬ ቀረ። ሰውየው ወዳጅም ቢሆን ውል ተፈራረሙ። ጉልበታችሁንም ጠብቁት፣ ሲሚንቶ ላይ ሳታሟሙቁ አትዝለሉ፤ የእኔ ዛሬም ደረጃ ስወጣ ያመኛል።

አንቺ ልጄ፣ ቅዳሜ ስትመጪ ከበሮ የሚመታልሽን ጓደኛሽን ይዘሽ ነይ። ቃለ ተውኔትሽን በከበሮው ላይ አብረን እንሞክረዋለን።