ለሳሉ ጥያቄ፦ አክታው ሳይመረመር ሌላ መድኃኒት እንዳትገዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የኛን ቤት ያየሽ ነው የመሰለኝ። ባለቤትሽ ማሳል ከጀመረ ወር አልፎታል። ከክሊኒክ የተሰጠው አንቲባዮቲክ ትንሽ አሻለውና ሳሉ ተመለሰ። ቤት ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ አላችሁ። «ጠንከር ያለ ሌላ መድኃኒት እናስጀምረው ወይስ የት እንሂድ?» ነው ያልሽው። ሐኪም አይደለሁም። ታናሽ ወንድሜን ይዤ ግን ይህንን ሁሉ አልፌበታለሁ።

1. ሌላ አንቲባዮቲክ የሚባለውን ተዪው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ማታ ማታ ካላበው ወይም ከከሳ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበዪ። «አሻለው» ማለትሽ ነው እኔን ያሳሰበኝ። እንደ ሌቮፍሎክሳሲን ያሉ መድኃኒቶች የቲቢውን ባክቴሪያም ስለሚነኩ ለጊዜው ያስታግሱታል። በሽታው ግን አይድንም፤ ይባስ ብሎ ምርመራ ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። የወሰደውን መድኃኒት ካርቶን ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት።

የኛ ገንዘብ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። በሄድን ቁጥር አዲስ ራጅ፣ አዲስ መርፌ፣ አዲስ ሽሮፕ። «አክታው ይመርመርልን» ስል ባለሙያው ሳቀብኝ። «እንዲህ ጥሩ ለብሶ የሚሄድ ልጅ ምን ቲቢ አለበት?» አለኝ። ቲቢ ልብስ አይቶ ነው እንዴ የሚይዘው? ሮበርት ኮህ ተህዋሲያኑን ካገኘ ከ1882 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ እየተማርን መጥተናል። ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ይታመማል። ከተማ ውስጥ ደግሞ መስኮቱ በተዘጋ ክፍልና መኪና ውስጥ ተጠጋግቶ የሚውል ሰው ብዙ ነው። ቀጣዩን ራጅ አልከፍልም ብዬ ወንድሜን ይዤ ወጣሁ። ሰውየው እስካሁን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል፤ ያዙር።

2. የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሂዱ። በብዙ አገር የቲቢ ምርመራና መድኃኒት በነጻ ነው፤ እኛ ይህንን ያወቅነው ኪሳችን ከተራገፈ በኋላ ነው። ካርድ ክፍል ስትደርሱ «ሳል አለው» ብቻ አትበዪ። «ወር ያለፈው ሳል ነው፣ የአክታ ምርመራ እንፈልጋለን» በዪ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ ካላቸው በሱ እንዲሠራላችሁ ጠይቂ። መሣሪያው በሁለት ሰዓት ገደማ ቲቢ መኖሩን ይለያል፤ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ፣ ማለትም መድኃኒቱ የማይገድለው፣ መሆን አለመሆኑንም አብሮ ያሳያል። ውጤቱ በዚያው ቀን ይሰጣችኋል ማለቴ አይደለም፣ ወረፋው ሌላ ጉድ ነው። አክታው ከደረት የወጣ ይሁን፤ ምራቅ ከሆነ ላብራቶሪው ይመልሳችኋል። ጠዋት ሲነሳ አፉን በውኃ ተጉመጥሙጦ፣ ደጅ ወጥቶ ቢያወጣው ጥሩ ነው።

3. ቲቢ ከሆነ አትደንግጪ፣ ይድናል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፦ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ሽንቱ ብርቱካንማ ቢሆን ከሪፋምፒሲን ነውና አይስጋ። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም እይታው ከደበዘዘ ግን ያኔውኑ ወደ ሐኪም። በሁለተኛው ወር ክብደቱ ይመለሳል፣ ሳሉ ይጠፋል፣ «ድኛለሁ» ይልሻል። እንዳትሰሚው። መድኃኒቱን ማቋረጥ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊያመጣ ይችላል፤ የሱ ሕክምና ደግሞ በጣም ይከብዳል።

አራተኛ የምለው ስለ ዝውውር ነበር፣ እሱን ሳስብ ግን አሁንም ደሜ ይፈላል። ወንድሜ መድኃኒቱን እየወሰደ ሳለ ሥራው ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ተዛወረ። እዚያ ያለው የቲቢ ክፍል «የዝውውር ወረቀት ከሌለህ አናውቅህም» አለው። ወረቀት መጠየቁ ትክክል ነው፣ ምን እንደወሰደ ማወቅ አለባቸው። ግን አንዷ ሠራተኛ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ባለበት «ያ የቲቢው ልጅ አሁንም አልሄደም?» ብላ ጮኸች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፣ አልመለስም አለ። እኔ ተመልሼ ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁና መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ወረቀቱን እስክናመጣ የሚበቃ ካልተሰጠን አልወጣም አልኩ። ሰጡን። ሠራተኛዋም ከዚያ በኋላ በስሙ ነው የምትጠራው። እናንተም ቤት ልትቀይሩ ካሰባችሁ ወረቀቱን ቀድማችሁ ያዙ። እስከዚያው የሕክምና ካርዱን በስልክሽ ፎቶ አንሺው።

ቤት ውስጥ ሳህንና ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም፤ በዕቃ አይተላለፍም። የኛ ዘመዶች ማንኪያ ሲለዩ መስኮት ግን ጥርቅም አድርገው ይዘጉ ነበር። መስኮቱን ክፈቺ፣ ሲያስል አፉን ይሸፍን፣ ለጊዜው ከልጁ ተለይቶ ይተኛ።

ስለ ልጁ ግን ማንም ሳይጠይቅሽ አንቺ ተናገሪ። የባለቤትሽ ቲቢ ከተረጋገጠ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መታየት አለበት። ካልታመመ የመከላከያ መድኃኒት ይጀመርለታል። እኛ ጋ የወንድሜን ሕፃን ማንም «አምጡት» አላለንም፣ እኔ ነኝ ተሸክሜው የሄድኩት። አንቺም አብረሽ ተመርመሪ። የመከላከያ መድኃኒት ካዘዙልሽና የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ንገሪያቸው፤ ሪፋምፒሲን ያለበት ከሆነ እንክብሉን ያዳክመዋል። የልጁን የክትባት ካርድ ይዘሽ ሂጂ፣ እዚያም ይመዝኑልሽ። የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በኪሎው ነው።