መልስ፦ ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነርን እንዴት እናስባቸው?

አራት ኪሎ ተሰባስበን ሰምነርን እንዴት እንዘክራቸው ላልከው ወንድሜ፣ ንግግር አታብዙ። አብራችሁ አንብቡ።

ካናዳዊው ካህን እ.ኤ.አ. በ1953 መጥተው ለአሥርት ዓመታት እዚህ ፍልስፍና አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አረፉ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ስለ ትርጉም ያሉት ነው። የግዕዝ ተርጓሚ ቃል በቃል አይገለብጥም። ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ የራሱ ያደርገዋል። የጠቢባን አባባሎች ስብስብ የሆነው «መጽሐፈ ፈላስፋ» ከዐረብኛ መጥቶ አገርኛ የሆነው እንዲህ ነው።

እኛ ፒያሳ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ሰምነር ካጠኗቸው የግዕዝ ጽሑፎች አንዱን፣ የስክንድስን ታሪክ አነበብን። ላለመናገር የማለ ፈላስፋ ነው፤ ንጉሥ ሲጠይቀው እንኳ በጽሑፍ ነው የሚመልሰው። ፎቶኮፒው ላይ ቡና ፈሰሰበት፣ ማንም ግን ከወንበሩ አልተነሳም።

ሰምነር የኦሮሞ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንም አጥንተዋል። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ካለ ጥሩ፣ በቋንቋው ያንብብላችሁ።