ሪዳይሬክት ሳደርግ 404 ይለኛል

ጥያቄ፦ አቦ፣ ከዚራ ላለ የልብስ ሱቅ በኤኤስፒ ዶት ኔት ኤምቪሲ (የማይክሮሶፍት የዌብ መሥሪያ) የትዕዛዝ ሲስተም እየሠራሁ ነው። ደንበኛው ካዘዘ በኋላ በሪዳይሬክትቱአክሽን (ወደ ሌላ ገጽ በሚያዛውረው ሜተድ) ክፍያውን ወደሚይዘው «ፔይመንትኮንትሮለር» ስልከው 404 (ገጹ አልተገኘም) ይለኛል። ቪውባግ (ለገጹ የሚላክ መረጃ መያዣ) ላይ ያስቀመጥኩት መልእክትም ይጠፋል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የ404ቱ ነገር ቀላል ነው፣ ከስሙ «ኮንትሮለር» የሚለውን ጭራ ቁረጠው። መጀመሪያ የአክሽኑን (ኮንትሮለሩ ውስጥ የሚጠራውን ሜተድ) ስም፣ ቀጥሎ «ፔይመንት» ብቻ ጻፍ። ከሪዳይሬክትቱአክሽን ፊት ሪተርን መጻፍ እንዳትረሳ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

መልእክቱ ግን ለምን ጠፋ? ሪዳይሬክት ስታደርግ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ሌላው ኮንትሮለር አይሻገርም፤ ለብራውዘሩ 302 (የማዛወሪያ ኮድ) ሰጥቶ «እዚያ ሂድ» ይለዋል፣ ብራውዘሩም እንደ አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። መጋላ ሳትደርስ ባጃጁ «ሌላ ያዝ» ብሎ ሲያወርድህ ፌስታልህን እዚያው ረስተህ እንደመውረድ በለው። ቪውባግ የመጀመሪያው ባጃጅ ላይ ቀረ! ቴምፕዳታ የሚባለው ሌላ መያዣ ግን እስኪነበብ ድረስ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሻገራል፣ መልእክቱን እሱ ላይ አድርገው።

የትዕዛዙን ቁጥር በአድራሻው ላይ ማሳለፍ ትችላለህ። ዋጋውን ግን በፍጹም! ቁጥሩንም ቢሆን ማንም ሊቀይረው ስለሚችል፣ ትዕዛዙ የዚያው ደንበኛ መሆኑን ክፍያው ጋ እንደገና አጣራ።