ከሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና በኋላ የትኛውን ሥራ ልያዝ?

በሂሳብ አያያዝ ተመርቀዋል፤ የሚጥል በሽታዎ በመድኃኒት አልገታ ስላለ ከስምንት ወር በፊት በግራ ቴምፖራል (በጆሮ አካባቢ በጎን በኩል ባለው) የአንጎል ክፍልዎ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎታል። ከዚያ ወዲህ ባይጥልዎትም የሰው ስም እየጠፋብዎት ተቸግረዋል። ሰንጋ ተራ ያለ አንድ ባንክ ሁለት የሥራ መደብ ስላቀረበልዎ፣ የደንበኞች መስኮት ወይስ የሂሳብ ማስታረቂያ ክፍል ይሻለኛል፣ ወይስ ሙያውን ልተወው ሲሉ ጠይቀዋል።

ሙያውን አይተዉት። በአብዛኛው ሰው ቋንቋን የሚመራው የአንጎል ግራ ጎን ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ቴምፖራሉና በውስጡ ያለው፣ አዲስ ትውስታ ለመያዝ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ ሲወጣ በተለይ የሚዳከመው የሰሙትን አዲስ ነገር መያዝና ስምን ፈልጎ ማግኘት ነው፤ የማገናዘብ ችሎታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆያል። ታሪኩን አንብበው የደነገጡበት አሜሪካዊው የሚጥል በሽታ ታካሚ ሄንሪ ሞሌይሰን እ.ኤ.አ. በ1953 ሂፖካምፐሱ የተወሰደበት ከሁለቱም ጎን ነበር፤ አዲስ ትውስታ መያዝ የተሳነውም በዚህ ምክንያት ስለሆነ የእርስዎ ሁኔታ ከእርሱ ጋር አይነጻጸርም።

እኔ የምመክርዎ የማስታረቂያውን ክፍል ነው። መስኮት ላይ ደንበኛው ስሙንና ጉዳዩን አንዴ ተናግሮ መልስ ይጠብቃል፤ ከኋላው ሰልፉ ይገፋል፤ በመሃል ስልክ ይጮኻል። በማስታረቂያ ክፍል ግን የባንኩ መግለጫና መዝገቡ ጎን ለጎን ተዘርግተው ልዩነቱን መስመር በመስመር ይፈልጋሉ፤ የሚጠፋብዎት ነገር ቢኖር እዚያው ወረቀቱ ላይ ያገኙታል። ወር መዝጊያ ላይ እስከ ሌሊት መሥራት የሚጠየቅ ከሆነ ግን አስቀድመው ይነጋገሩበት፤ እንቅልፍ ማጣት በሽታውን ሊቀሰቅስ ይችላልና።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የማስታወስና የቋንቋ ምርመራ ተደርጎልዎ ከነበረ፣ ዓመት ሲሞላዎ እንዲደገምና ውጤቱ እንዲነጻጸር ሐኪምዎን ይጠይቁ። ጥፋቱን ሁሉ በቀዶ ሕክምናው ላይ አያድርጉት፤ እንደ ቶፒራሜትና ፌኖባርቢታል ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ሐሳብን ሊያዘገዩ፣ ቃልንም ሊያሳጡ ይችላሉ። ይሁንና ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድ ክኒን እንኳ እንዳይቀንሱ አደራ እላለሁ።

ለአለቃዎ የሕክምና ታሪክዎን በሙሉ የመዘርዘር ግዴታ አለብኝ ብለው አይጨነቁ። «በቃል የተሰጠኝን ሥራ በኢሜይል ቢያረጋግጡልኝ በትክክል እፈጽማለሁ» ብለው በመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቁ፤ ይህ ለማንኛውም የሂሳብ ሠራተኛ የሚገባ ጥያቄ ነው።