ክረምትና ትንንሽ ልጆች፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአፀደ ሕፃናት ልጆች ጋር ነው የምውለው። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ልጆቹን ቤት ሲዘጋባቸው ጥያቄው በዛ። ደጋግመው የመጡትን መርጬ እነሆ።

ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ፊደሉን በቃሉ ይወርደዋል፤ እርሳስ ስሰጠው ግን ይወረውራል። (እናት፣ ፍኖተ ሰላም)

እህቴ፣ አፉ ቀድሟል፤ ጣቶቹ ገና ናቸው። እርሳሱን ለጊዜው አንሺው። ሊጥ ስታቦኪ ቁራሽ ስጪው፤ ያድቦልቡል፣ ይቆንጥር። ነጭ ሽንኩርት ይላጥልሽ፤ የልብስ መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ይሰካ። ጨዋታ ይመስላል እንጂ ጣት የሚጠነክረው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ትሪ ላይ ዱቄት በስሱ በትኚና በጣቱ ይጻፍ። ሲሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ ጠፋ። ላጲስ የለ፣ ቁጣ የለ። በ"ሀ"፣ በ"ለ" እና በ"በ" ጀምሩ፤ መስመራቸው ቀላል ነው። "ጨ" እና "ጠ" ይቆዩ። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ለአንድ ክረምት አይጫንም። እኔ ብሆን ከራሱ ስም ፊደሎች አላልፍም ነበር።

እስከ 50 ይቆጥራል። "5 ድንች አምጣ" ስለው ግን ያቀፈውን ያህል ይዞ ይመጣል። (አባት፣ ዳንግላ)

ሳቄን አመጣኸው ወንድሜ! የሁሉም ልጅ ነገር ነው። 50 ለእሱ እንደ መዝሙር ነው፤ ቃሉን ያውቀዋል፣ ብዛቱን ግን አላየውም። አንድ ቁጥር ለአንድ ዕቃ መሆኑን እጁ ይወቀው። እራት ሲቀርብ ኩባያ እሱ ያድል፦ ለአባዬ አንድ፣ ለእማዬ አንድ። ቢጎድል ዝም በል፤ ኩባያ ያልደረሰው ሰው ራሱ ይጠይቀዋል።

ገበጣም አለልህ። ሕጉን ተወው። ጠጠሩን በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ይዙር፤ ከዚህ የተሻለ የቁጥር ትምህርት አላውቅም። ጉድጓድ መቆፈሪያ ከሌለ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ይበቃል።

ለመቁጠሪያ ግብጦ ብሰጣትስ? ቤታችን ሞልቷል። (እናት፣ ቡሬ)

ግብጦ ይቅርብሽ። ጥሬው መራራ ብቻ ሳይሆን መርዝነትም አለው፤ ቆልተን ውኃ እየቀያየርን ለቀናት የምንዘፈዝፈው ለዚሁ ነው። ልጅ ደግሞ ያገኘውን አፉ ውስጥ ይከታል። ቆርኪ ወይም የሃይላንድ ክዳን ይሻላል። ከ3 ዓመት በታች ከሆነች ግን እሱም ያንቃል፤ ትልልቅ ነገር፣ ለምሳሌ ድንች ስጫት። ባቄላ አፍንጫዋ ውስጥ ከገባ በእንጨት አትጎርጉሪው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

እናቴ ጠይቂልኝ ብላ ነው፦ የልጅ ልጇ ሁሉን በግራው ይሠራል። ትቆጣው? (ብቸና)

እማማ ይተዉት። እጁ ነው፣ ጥፋት አይደለም።

ስልክ ካልያዘች አትቀመጥም፤ ወጥ መሥራት አልቻልኩም። (እናት፣ ባሕር ዳር)

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን አይመክርም፤ ከዚያም ካነሰ ይመረጣል ይላል። ግን ስልኩን ነጥቀሽ ባዶ እጇን ካስቀረሻት ጩኸት ነው ትርፉ።

አጠገብሽ ሳፋ ላይ ትንሽ ውኃ አድርጊላት። ማንኪያ፣ ቡሽ፣ ድንች፣ ብርቱካን። ከመጣሏ በፊት "ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል?" በያት። ገምታ ትጣል። ብርቱካኑ ከነልጣጩ ይንሳፈፋል፤ ላጥ አድርገሽ ስትሰጫት ይሰምጣል። ፊቷን ማየት ነው! ሌላ ቀን ጥሬ እንቁላል ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ክተቺ፤ ይሰምጣል። ጨው በማንኪያ እየጨመርሽ ስታማስይ ብድግ ብሎ ይወጣል። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት አትቸኩይ፤ "ምን ይመስልሻል?" ብትያት ይበልጣል። ሳፋው ጋ ብቻዋን ጥለሻት ግን ንቅንቅ እንዳትይ፤ ጥቂት ውኃም ሕፃን ያሰምጣል።

መጫወቻ መግዣ አቅም የለኝም፤ ከሥራ የምገባውም መሽቶ ነው። (እናት፣ ሞጣ)

መግዛት አይጠበቅብሽም። ካልሲ ጥንድ ጥንዱን ፈልጎ ያጣምር፤ ቀለምና መጠን መለየት ነው። መብራት ከጠፋማ እንቆቅልሽ ተጫወቱ። መልሱ ሲጠፋው "አገር ስጠኝ" በይው፤ ሞጣ፣ ደጀን፣ እንጅባራ እያለ የአገሩን ስም ይለምዳል። ሰጥቶ ሲጨርስ እሱ ይጠይቅሽ፣ አንቺ ተሸነፊለት።

ጭቃ ሲያቦኩ ልብሳቸው አለቀ! (አባት፣ ደጀን)

አሮጌ ልብስ፣ ከዚያ ሳሙና። ጭቃውን አትከልክል።